ከሰሉን ያስገባው ማን ነው

ከሰሉን ሳሎን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ብናገርም የሚሰማኝ አጣሁ። ፊደል ያልቆጠረች፣ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ባለችበት ቤት ከሰል ከተገኘ፣ ማን አነደደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ልጄ ዙሀይር የተማረ ነው። እኛ በሰው አገር፣ ኢገን በምትባል ከተማ እንኖራለን፣ እሱ ሌላ ከተማ፣ ፕሊማውዝ፣ ቢሮ ይሠራል። ጥቅምት ላይ ከቢሮው አንድ ወረቀት ይዞ መጥቶ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ለአደጋ ጊዜ ቤት ውስጥ መኖር ያለበት ሁሉ ተጽፎበታል አለ። ባትሪውን፣ ሬዲዮውን፣ የቆርቆሮ ምግቡን ገዛና በፕላስቲክ ሣጥን ከተተው። መብራት ከጠፋ በምን እንሞቃለን ብዬ ጠየቅሁት። ማሞቂያው በጋዝ ነው እማዬ፣ አታስቢ አለኝ። እሱ አንብቧል፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

ጥር ላይ በረዷማ ዝናብ ዘነበና ዛፎቹ ሽቦው ላይ ወደቁ። መብራት ጠዋት ጠፋ። የጋዙ ማሞቂያም አብሮ ዝም አለ፤ ለካ ሙቀቱን የሚነፋው መብራቱ ኖሯል። ሣጥኑን ከፈትን። የባትሪ ድንጋዮቹን የልጅ ልጄ ኢቅራ ለመጫወቻዋ ወስዳቸዋለች። ለቆርቆሮውም መክፈቻ አልተገዛም። ሚስቱ ናዲራ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ከተማ ሥራ ላይ ነበረች፤ መንገዱ መስታወት ሆኗል፣ መምጣት አልችልም ብላ ደወለች።

ዙሀይርን፣ ከኢቅራ ጋር ሦስታችንም ትንሿ ክፍል እንግባ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ተቃቅፈን እንቀመጥ አልኩት። ገጠር አይደለንም እማዬ አለኝ። ይህን ያለው ሰውዬ ጋራዥ ገብቶ በበጋ ሥጋ የሚጠብስበትን ምድጃ አወጣ። በረንዳ ላይ ከሰሉን አቀጣጥሎ ፍም እስኪሆን ጠበቀ። ጭሱ ሲያልቅለት በጓንት ይዞ ሳሎን አስገባው።

ኮምቦልቻ ሳለን ጎረቤታችንን የትምወርቅን በአራስ ቤቷ ከሰል የመታት ጭስ በሌለው ፍም ነው። ከነልጇ ሞታ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ነገርኩት። ጭሱ ወጥቶ አልቋል እኮ አለ። መስኮት ከፈትኩ፤ ሙቀቱን አስወጣሽው ብሎ ዘጋው። ደግሜ ከፈትኩ፤ ደግሞ ዘጋ። ቢያንስ ከመስኮቱ ሥር አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰዓት ሳይሞላ ኢቅራ ራሴን አለች፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ አስመለሳት። ዙሀይር ሊያነሳት ሲል ጉልበቱ ከዳው። ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሩን በርግጄ ወጣሁ። በረዶው ላይ ሁለቴ ወደቅሁ፤ እሷን ግን አልጣልኳትም። የጎረቤቱን በር በጡጫ ደበደብኩ። ዙሀይር እየዳኸ ተከተለን።

የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ምድጃውን አወጡ። አንዱ ሻሼን አየና ዙሀይርን አንድ ነገር ጠየቀው። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ «ግራንድማ» የሚለውን ግን ኢቅራ አስተምራኛለች። ልጄ አቀርቅሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ይህ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ናዲራ ክብሪቱን ከኩሽና አንስታ ደበቀችው። መስጊድ ስሄድ ሴቶቹ እጄን ይዘው፣ እዚህ አገር ከሰል ቤት አይገባም እኮ እናታችን እያሉ ይመክሩኛል። ኢቅራ አብራኝ መተኛት ትታለች። ነይ ስላት ደፉ ላይ ቆማ «ኖ» ትለኛለች።

ዛሬ ከሰዓት ዙሀይር የቤቱ አየር ሲመረዝ የሚጮህ መሣሪያ ገዝቶ መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ ከእኔ መኝታ ክፍል በር በላይ ሰቀለው።

«ለምን እኔ በር ላይ?» አልኩት።

«ለአንቺው ብዬ ነው እማዬ።»

«ለእኔ ካልክ የሆነውን ተናገርልኝ።»

ከወንበሩ ሳይወርድ ያወራ ጀመር። ያስገባሁት እኔ ነኝ ብል መንግሥት ልጄን ይወስድብኛል ብዬ ፈራሁ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሮጊት ብትሳሳት ማንም ምንም አይላትም» አለኝ።

«የእሳት አደጋ ሰዎቹን ተዋቸው» አልኩት። «ዛሬ እራት ላይ ለሚስትህ በአማርኛ፣ ለልጅህ በእንግሊዝኛ፣ ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ መስኮቱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ በል። ኢቅራ ሰምታ እስክትጨርስ ከገበታው እንዳትነሳ። አሁን ይሄን ጯሂ ከራሴ ላይ አውርድና በራስህ በር ላይ ስቀለው።»