ባለ ሦስት ሲኒዋ ካፌቴራ

እኔና ኤቤሊዮ የተፋታን ነን። የምንኖረው ግን አንድ ቤት ነው። በከተማችን በማታንሳስ ይህን ብትናገር ዞሮ የሚያይህ ሰው የለም። ዳኛ ጋብቻ ያፈርሳል እንጂ ቤት አይሠራም፤ ሌላ ቤት ከየት ይመጣል? ከፍርድ ቤት የወጣን ዕለት በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በአንድ በር ገባን። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ለእኛ ነው።

ከዚያ ኤቤሊዮ ኮምፔንሳቶ ከየቦታው ለቃቅሞ ሳሎኑን ለሁለት ከፈለው። በመንገዱ በኩል ያለው፣ ፀጉር የሚያስተካክልበት ወንበር ያለበት፣ የእሱ ሆነ። የጓዳው ክፍልና ወጥ ቤቱ የእኔ። ሳህኑን ተካፈልን፣ አንሶላውን ተካፈልን፣ ቬንትሌተሩን እሱ ወሰደ፣ ቴሌቪዥኑን እኔ። መካፈል ያቃተን ካፌቴራዋን ብቻ ነው፤ ያቺን ቡና የምናፈላባትን፣ ከታች ውሃ፣ ከወገቧ ላይ ቡና የምትጎርስ አሮጌ አሉሚኒየም። እሷን ለሁለት ብትቆርጣት ለማንም አትሆንም። እኔ ጋ ትቀመጥ፣ ጠዋት ጠዋት ላንተም አፈላልሃለሁ አልኩት። እሺ አለ።

እውነቱን ልናገር? እንዲመለስ እፈልግ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ከፈረምንበት ቀን ጀምሮ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ምላስሽ ነው ያስመረረኝ ብሎ ነው የፈታኝ። እኔም ምላሴን ሰብሰብ አድርጌ በቡና ልመልሰው ተነሳሁ። ጠዋት ስኳሩን በመጀመሪያዎቹ የቡና ጠብታዎች መትቼ መትቼ፣ አረፋ አስነስቼ፣ ሲኒውን በኮምፔንሳቶው በር እሰጠዋለሁ። ቆሞ ይጠጣዋል። ሲኒውን ይመልሳል። ይኼው ነው። ግን ያቺ ሲኒ እስከሄደች ድረስ ገመዱ አልተበጠሰም እል ነበር።

ፎቅ ላይ የምትኖረው ዜናይዳ ጓደኛዬ ናት። የሷም አፍ ከኔ አይተናነስም። የፈታሽን ሰው ቡና እየቀለብሽ ታኖሪዋለሽ፣ ቀጥሎ ጡጦ ትይዥለታለሽ ትለኛለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት አንቺ ነሽ ትለኛለች። ተዪኝ እላታለሁ። ባሏ ሞቶባት እንጂ ፈቷት አያውቅም፤ ምን ታውቃለች። የሞተ ሰው በኮምፔንሳቶ ማዶ ሲያስል አይሰማም።

ከራሽን ሱቅ የሚሰጡን ቡና ግማሹ የተቆላ አተር ነው። አተሩ ውሃ ሲነካው ያብጥና ወንፊቱን ይደፍናል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። የካፌቴራዋ ጎማ ደግሞ ካለቀ ቆይቷል፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ እየቆረጥኩ ነበር የማደርግላት። አንድ ቀን ጠዋት ጎማው ፈነዳና ቡናው ጣሪያ ድረስ ተረጨ። ኤቤሊዮ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛውን ጥሎ ምላጩን እንደያዘ ሮጦ መጣ። እኔ አተላ ከፀጉሬ እየተንጠባጠበ ቆሜያለሁ። አየኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከተፋታን ወዲህ አብረን ስቀን አናውቅም ነበር። በአውራ ጣቱ ከግንባሬ ላይ አተላውን ጠረገልኝ። በዚያች ጣት የተነሳ ስንት ነገር እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

በማግስቱ አዲስ ካፌቴራ ይዞ መጣ። ዕቃ ከፓናማ እያመጡ ድልድዩ ሥር ጨርቅ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ነው የገዛት። ርካሽ ናት። አሉሚኒየሟ ስስ ነው፣ የክዳኗ መያዣ ገና ስትነካው ይላወሳል። ግን ታበራለች። እኔ ደግሞ ማብራቷን መች አየሁ፤ ያየሁት መጠኗን ነው። ባለ ሦስት ሲኒ ናት።

እኛ ዘንድ ካፌቴራ ሰው ትቆጥራለች። ብቸኛ ሰው ባለ አንድ ሲኒ ይገዛል። ልጅ ያለው ባለ ስድስት፣ እንግዳና ለቅሶ የማይጠፋበት ቤት ባለ ዘጠኝ። ባለ ሦስቷ የባልና የሚስት ናት፤ ፋብሪካው የሚቆጥረው ሲኒ የአሻንጉሊት ሲኒ የሚያክል ስለሆነ ሦስቱ ለሁለት ሰው ነው የሚዳረሰው። ግማሽ ልሙላት ብትል ቡናው ውሃ ይሆንብሃል፤ ስለዚህ ከቤቱ ሰው በላይ የሚገዛ የለም። ለራሱ ብቻ ቢያስብ ባለ አንዷን ይገዛ ነበር፤ እሷ ደግሞ ትረክሳለች። ስለዚህ ለሁለት ሰው ነው ያሰበው አልኩ በሆዴ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

"አንቺ ግሪያት" አለኝ። "እጅሽ ያውቅበታል።"

አዲስ ካፌቴራ ካልተገራች ቡናውን ብረት ብረት ታሰኘዋለች። ሆዷ በቡና ቅባት እስኪሸፈን ድረስ የመጀመሪያ የመጀመሪያውን እያፈሉ መድፋት ነው። ቡና በሌለበት አገር ቡና መድፋት ኃጢአት ስለሆነ፣ ብልጥ ሰው በአተላ ይገራታል። ዜናይዳም እንደዚያ አድርጊ ብላ መከረችኝ። አላደረግኩም። በአተላ የተገራች ዕድሜዋን ሙሉ አተላ አተላ ትላለች ብዬ አሰብኩ። ከተራራው አገር የእህቴ ልጅ የላከችልኝ፣ አተር የሚባል ያልነካው ቡና ነበረኝ፤ ለገና ብዬ ከልብሴ መሐል የደበቅኩት። እሱን አወጣሁ።

እያፈላሁ ደፋሁት። ሽታው መንገድ ድረስ ሲወጣ የኤቤሊዮ ደንበኞች ወንበሩ ላይ እንዳሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እኔ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አንቆረቁረዋለሁ። ቢያዩኝ በድንጋይ ይወግሩኝ ነበር። እኔን ግን አልቆጨኝም።

ኤቤሊዮ መጥቶ አጠገቤ ይቆማል። ባልና ሚስት ሳለን ወጥ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ይጠይቀኝ ጀመር። ውሃው እስከ የት ነው? ቡናው ይጠቀጠቃል ወይስ አይጠቀጠቅም? እሳቱ መቼ ነው የሚቀነሰው? ሁሉንም አስተማርኩት። ቡናውን ክምር አድርገህ ተወው፣ አትጠቅጥቀው አልኩት። ማንጎራጎር ስትጀምር ወዲያው አውርዳት። ሳሙና የሚባል እንዳታስነካት፣ ሳሙና የነካት ካፌቴራ ሥልጠናዋን ትረሳለች። ስኳር አመታቱንም እጁን በእጄ ይዤ አሳየሁት። እጁ እንደ ድሮው የፀጉር ቅባት ይሸታል። ሰማያዊ ቀሚሴን አውጥቼ መልበስ ጀመርኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሊመለስ ያላሰበ ወንድ ወጥ ቤት ቆሞ ስኳር መምታት ይማራል?

ለዜናይዳ ስነግራት እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም። ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ማጠፏን ተወችው።

"ሚግዳሊያ" አለችኝ፣ "ወንድ ልጅ ዕቃ ገዝቶ ለማን እንደሆነ ካልተናገረ፣ ላንቺ አይደለም።"

ቀንተሽ ነው አልኳት። ሌላም ያልኳት ነገር አለ፤ የሞተ ባሏን የሚነካ። ደረጃውን ስወርድ አልጠራችኝም።

ካፌቴራዋ የተገራች ዕለት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒ አስቀመጥኩ። ሁለት ወንበር አቀረብኩ። ኤቤሊዮ መጣና ያለወትሮው ተቀመጠ። ቀመሰው። ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

"አሁን ገና ቡና ሆነ" አለ።

ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ አውቄበታለሁ፤ ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነው። ሲኒውን ያዞራል። አሳዘነኝ። ልረዳው ብዬ፣ ተናገር፣ እኔ ነኝ እኮ አልኩት።

"እሁድ ኢዳልሚስ ትገባለች" አለ።

"ኢዳልሚስ ማን ናት?"

"ዳቦ ቤት የምትሠራዋ። አብረን ልንኖር ነው።"

ተነሳ። ካፌቴራዋን ፈታታ። ያለ ሳሙና፣ በውሃ ብቻ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኩት አጥቦ በፎጣ ጠቀለላት። ከዚያ ከኪሱ ክብ ጎማ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ለአሮጌዋ ነው አለኝ። ትክክለኛው ጎማ ነው፣ ካላማዳሪ አይደለም፣ ስንት ቦታ ዞሬ ነው ያገኘሁልሽ አለኝ። ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው እኮ።

"ከእንግዲህ በየጠዋቱ በእኔ አትቸገሪ" ብሎ ወጣ።

ያ ያስፈታኝ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ ሁለተኛውን ወንበር ወደ ቦታው መለስኩ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ዜናይዳ ወሬውን ከመንገድ ሰምታ ወረደች። ያልኳትን ነገር አላነሳችውም። ብዬሽ ነበር ብትለኝ እጣላት ነበር፤ እሷ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ጎማዋን በጣቷ ታሽከረክራለች። ቆይታ፣ እሱ ከቤት ሲወጣ ገብተሽ በሳሙና እሽት አድርጊያት፣ ሙሽሪት ብረት ትጠጣ አለችኝ። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ቆሽቴ አርሯል፤ ኤቤሊዮ ደንበኛውን ሸኝቶ ሲጋራ ሊገዛ ወጣ ሲል ሳሙናዬን ይዤ በኮምፔንሳቶው በር ገባሁ። ካፌቴራዋ መደርደሪያው ላይ ነበረች። ከፍቼ ውስጧን አየሁት። ብርማው ጠፍቷል፤ ቡናማ ሆኗል፣ ለስልሷል። የገና ቡናዬ ነው ያለው እዚያ ውስጥ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ሥራ የለም። እጄ እንቢ አለኝ። ሳሙናዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ተመልሼም በራሴ ተናደድኩ።

እሁድ ኢዳልሚስ ገባች። አንድ ሻንጣ፣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የአበባ ማሰሮ ይዛ ነው የመጣችው። በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ አየኋት። ወጣትና ቆንጆ ብትሆን ኖሮ የምሰድባት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ከእኔ በትንሽ የምታንስ፣ ከዳቦ ምድጃ ፊት ቆማ እግሯ ያበጠ፣ ድክም ያላት ሴትዮ ናት። ለእሷ የሚሆን ስድብ አጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ካፌቴራዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ወዲያው አወረዷት። ቀጥሎ ማንኪያ ስኳር ሲመታ ተሰማኝ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ። እኔ ባሳየሁት አመታት ነው የሚመታው። ጆሮዬን ልድፈን ብል ሽታውን ምን ላደርገው ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አየሁ።

በሩ ተንኳኳ። ኢዳልሚስ ሲኒ ይዛ ቆማለች።

"ጎረቤት" አለችኝ፣ "የመጀመሪያው ለእርስዎ ይሁን ብዬ ነው። ይቅመሱልኝ።"

በዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ተብያለሁ። ዓይኔ ተብያለሁ፣ ሚስቴ ተብያለሁ፣ ምላሳም ተብያለሁ። ጎረቤት ያለኝ ግን አልነበረም። ደግሞ ምን ተሳሳተች? ከግድግዳ ማዶ የሚኖር ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ደጅህ ድረስ የመጣ ቡና አይመለስም። የመለስክ እንደሆነ ጠብ ነው፣ እስከ መቃብር። ፊቷ ላይ ልድፋው ብዬም አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሲኒውን ከራሷ አርቃ ዘርግታ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አድርጋለች። ፈርታኛለች። ተቀበልኳትና ጠጣሁት። እንከን ፈለግኩበት፤ ሙጭጭ ብዬ ፈለግኩበት። ብረት ብረት አይልም። አላረረም። አረፋው በልኩ ነው። ከአተር ጋር የተቀላቀለ ቡና እንደዚያ ጣፍጦ ቀምሼ አላውቅም።

"ጥሩ ነው" አልኳት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጎረቤት።"

ሲኒውን ተቀብላኝ ሄደች። በሩ እንደተዘጋ የኤቤሊዮ ድምፅ መጣ፤ ኮምፔንሳቶ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም።

"ምን አለች?"

"ጨረሰችው። ጥሩ ነው አለችኝ።"

"አልኩሽ እኮ" አላት። "ክፋት የላትም።"

ምን ነበረበት ክፋት ቢኖረኝ።