የመርማሪው መሳቢያ

ልጄ ቁልፍ ሠሪ ናት። ሙያውን ስትጀምር «አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ ሌባ ቢገባ ፖሊሶች መጀመሪያ የሚመጡት አንቺ ጋ ነው» ብያት ነበር። ሳቀችብኝ። ይኸው መጡ።

ከሱቋ አጠገብ ያለው የጫማ መደብር በሩ ሳይሰበር ተዘርፏል። ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ ልጄ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች፤ ሻይ ልትጠጣ የመጣች ነው የምትመስለው።

«ዝም የማለት መብት አለሽ» ይላታል መርማሪው፣ ሆዱ ጠረጴዛውን የሚገፋ ሰውዬ።

«ጠበቃዬ እስክትመጣ ዝም ብያለሁ።»

«ምን ዝም ትያለሽ! ጥፋተኛ ያስመስልሻል!» አልኳት። «ጌታዬ፣ እሷ እኮ የማትከፍተው በር የለም፤ ግን ሌባ አይደለችም።»

«እማዬ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

መርማሪው ያልኩትን ጻፈው። ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ መታ መታ አደረገና «የዚህ ቁልፍ ከጠፋ ከረመ። እስኪ ችሎታሽን አሳዪን» አላት።

«አልነካም።»

እምቢ ካለች ይናደዳል፤ ከተናደደ ይከሳታል፤ ከከሰሳት ይፈረድባታል፤ እስክትፈታ እኔ አልቆይም። በሐሳቤ ቀብሬን ጨርሼ ተነሣሁ። ከፀጉሬ ላይ ሽቦ መዝዤ መሳቢያው ላይ ጎንበስ አልኩ። ሱቋ ቁጭ ብዬ ስትሠራ ስንት ዓመት አይቻለሁ! ቀጭ አለና ተከፈተ። ውስጡ ግማሽ ብስኩት፣ ማበጠሪያና ዕጣ ያልወጣላቸው የሎተሪ ቲኬቶች ነበሩ።

«ይኸው! እኛ ቤት እምቢታ የለም» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ መደብሩ የተዘረፈ ሌሊት እርስዎ የት ነበሩ?»

ጠበቃዋ የገባችው ይኼኔ ነው። ክፍቱን መሳቢያ አየች፣ እጄ ላይ ያለውን ሽቦ አየች።

«ደንበኛዬ ላይ ያለዎት ማስረጃ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ መክፈት ትችላለች።»

«ሌላስ?»

መርማሪው ብስኩቱን ማየት ጀመረ።

«እኚህ እናትም ይችላሉ። ፀጉሯን በሽቦ የያዘችውን ሴት ሁሉ ሊያስሩ ነው?»

አለቃው ተጠራ፤ በዚህ ብቻ ሊያቆዩአት እንደማይችሉ አመነ። ልጄ ተለቀቀች።

ከግቢው ስንወጣ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ።

«እማዬ፣ በአንድ ሽቦ ነው የከፈትሽው? እኔ እኮ ያለ ሁለት አይሆንልኝም!»

«ቀስ በይ!» አልኳት፣ ዘበኛው እንዳይሰማ ዞር ዞር እያልኩ።