የታጠበው ክዳን

«ክዳኑ ውስጥ ምን ተጽፎ ነበር?»

አስመረትን ይህን የጠየቋት አቶ ገሰሰ ናቸው። ሰውየው ሩዋንዳ ሰፈር ለሚከፈት ኤግዚቢሽን የድሮ የቴሌቪዥን ዕቃ ይሰበስባሉ። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ የወጡት ለሟች ባሏ ለሀብቶም ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን ክብና መስመር የሚያወጣ ነበር። ቴክኒሻኖች ምስሉን የሚያስተካክሉት በዚያ ነው። መለዋወጫ ከውጭ መምጣት ያቆመ ጊዜ የቴሌቪዥን ጣቢያው ቴክኒሻን የነበረው ሀብቶም የተጣለ የፈረንጅ መሣሪያ ቆርቆሮ አገኘና ሆዱን ከአሮጌ ራዲዮኖች በለቀመው ዕቃ ሞላው። አስመረት መብራት አስጠግታ ትይዝለት ነበር። ሲጨርስ ክዳኑን ገልብጦ በብዕር ብዙ ጻፈበት።

«ደግሞ ምን ትሞነጭራለህ?»

«የልደት ወረቀቱን» ብሎ ሳቀ።

ከዓመታት በኋላ ጣቢያው አዲስ ዕቃ ሲያስገባ ሳጥኑን ጣለው። ሀብቶም ተሸክሞ ቤቱ አመጣው።

አቶ ገሰሰ የሚመጡ ዕለት አስመረት ከማለዳ ጀምሮ ስታጥብ ዋለች። የክዳኑን ውስጥ በረኪና በነከረችው ጨርቅ ፈገፈገችው። ቀለሙ በዘመን ብዛት ደብዝዞ ስለነበር ያ ሁሉ ቡናማ ዝብርቅርቅ ዝገት መስሏት ነበር። ጎረቤቷ ኑራ በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቺ፣ ሰውየው የሚመጣው ሳጥኑን ሊያይ ነው ወይስ አንቺን?» ብላ አሳቀቻት።

ማታ አቶ ገሰሰ ሲመጡ ልጇ ዊንታ፣ «አባዬ የጻፈውን ላሳይዎት» ብላ ክዳኑን ስትከፍት ቆርቆሮው አብረቀረቀ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት። ለእንግዳ እንደቆሸሸ ይሰጣል እንዴ?»

አቶ ገሰሰ የጠየቋት ያን ጊዜ ነው። ዊንታ በልጅነቷ አይታው ከአባቷ ስም በቀር የምታስታውሰው የለም።

«እርስዎስ አላነበቡትም?»

«እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ» አለች አስመረት።

«ባለቤትዎ ነው የሠራው ቢሉኝ አምናለሁ» አሉ ሰውየው። «ኮሚቴው ግን ፊቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ ነው የሚያየው።»

ሳጥኑን ይዘው ሲወርዱ ዊንታ፣ «የአባዬ ስም የቀረው እዚያ ብቻ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ከእናቷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረችም።

አስመረት በዚያው ሳምንት ወረዳው በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ሌሎቹ ስማቸውን ለመጻፍ ሲታገሉ እሷ «ሀብቶም» ጽፋ ጨረሰች። መምህሯ፣ «የራስዎስ?» አሏት። ይደርሳል አለች።

ኤግዚቢሽኑ በስምንተኛው ወር ሲከፈት ብቻዋን ሄደች። ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ነበር። ጣቷን እያስኬደች ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነበበች፦ «የምልክት ማመንጫ። ከውጭ አገር የገባ። የሠራው ሰው አይታወቅም።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። አልተሳሳተችም።

«የሠራው ባሌ ነው» አለችው ጥበቃውን።

«እሺ እናቴ፤ መስታወቱን ግን አይንኩ።»

ሳጥኑ ሩዋንዳ ሰፈር ቀረ። ዊንታ በዚያ ክረምት ቦሌ አራብሳ ቤት ተከራይታ ወጣች። ቡልቡላ የቀረችው አስመረት ናት።