የጣሀ ቅርሻት

ልጄ ጣሀ ይጠባል፣ ያቀረሻል። ተኝቶ ያቀረሻል፣ ታቅፎ ያቀረሻል፣ ዳይፐር ስቀይርለት ያቀረሻል። ንጹሕ ልብስ ያለበስኩት ጊዜማ ይህንኑ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል፣ ቁልፉን ሳልጨርስ ያቀረሻል። ትከሻዬ፣ አንገቴ ሥር፣ ፀጉሬ፣ ጋቢዬ፣ ፍራሹ ሁሉ እርጎ እርጎ ይሸታል። አራስ ቤት ማለት ሴቶች እንደሚያወሩት ገንፎ እየበሉ መተኛት መስሎኝ ነበር። ወላሂ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ጨርቅ ሳጥብና ሳሰጣ ነው የከረምኩት፤ የደሴ ጉም ደግሞ ጨርቅ አያደርቅም።

ያም ሆኖ ቅርሻቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ያላስቻለኝ የሰው አፍ ነው።

ባለቤቴ ሙባረክ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ እኔም እስክወልድ እዚያው ስፌት ክፍል ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ የሚያርሰኝ ሰው የለኝም፤ ስለዚህ እንደወለድኩ ደሴ፣ የእሱ ወላጆች ቤት መጣሁ። እናቱን እማ ሰብሪያን በመሰሰት አልከሳቸውም። እንዲያውም ችግሩ እጃቸው ሙሉ መሆኑ ነው። ገንፎው፣ አብሹ፣ ሾርባው፣ የዶሮ መረቁ በላይ በላዩ ይመጣል። ጡቴ ሞልቶ እንደ ተሰበረ ቧንቧ ይፈስሳል። ጣሀ ሲጎርሰው ያንቀዋል፤ ይውጣል፣ ይስላል፣ ደግሞ ይውጣል። ጨርሶ ገና ሳይተነፍስ አንዲት ጠያቂ ትገባለች፣ ልጁ ድምፅ ሰምቶ እህ ይላል።

«አጥቢው እንጂ ሩሚሳ! ልጁ ተራበ እኮ!» ይላሉ እማ ሰብሪያ።

«አሁን ጠባ እኮ እማ።»

«የጠባ ልጅ ያለቅሳል? አጥቢው አቦ!»

አጠባዋለሁ። ያቀረሻል። ያቀረሸውን ለመተካት እንደገና አጥቢው እባላለሁ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር።

ያዋለደችኝ ነርስ ከመውጣቴ በፊት ሁሉንም ነግራኛለች። ብዙ ሕፃን ያቀረሻል፤ ትንሽ ትንሽ አጥቢው፤ ከጠባ በኋላ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢውና አስገሺው ብላኛለች። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት ወይም ተወርውሮ ከወጣ አምጪው፤ ሽንቱን በደንብ እየሸና ክብደቱ ከጨመረ ግን አትጨነቂ ነው ያለችኝ። እኔም የተባልኩትን ላድርግ ብዬ ልጁን ትከሻዬ ላይ ሳቆመው እማ ሰብሪያ ከማዕድ ቤት እየሮጡ ይመጣሉ።

«አንገቱ ሳይጠና ታቆሚዋለሽ? ልትሰብሪው ነው?» ይሉና ከእጄ ነጥቀው በጀርባው ያጋድሙታል። እንደተጋደመ ያቀረሻል። ከዚያ ዞረው እኔን ያዩኛል፣ ያቀረሸሁት እኔ ይመስል።

ጠያቂውማ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዷ ወተትሽ ቀጭን ነው፣ የላም ወተት ጨምሪለት ትለኛለች። ሌላዋ ቅቤ ይዋጥና ሆዱ ይለስልስ ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ጎመን በልተሽ ነው ብላ ትቆጣኛለች፤ ከወለድኩ ጎመን በዐይኔ አላየሁም። ሁሉንም «እሺ» እያልኩ አንዱንም ሳላደርግ ሸኘኋቸው። እሺ ማለት ሰለቸኝ።

ደግሞ መሸፈኑ አለ። ዐይን እንዳያርፍበት ተብሎ ጣሀ ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ በላዩ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ሻሽ ይደረብበታል። ሰው ሲመጣ የሚገለጠው አፍንጫው ብቻ ነው። ወፈረ ማለት ነውር ነው፣ አደገ ማለት ደግሞ አደጋ። ስለዚህ የልጄን ጭን ያየ እንግዳ የለም፤ ቅርሻቱን ያላየ ግን አንድም ሰው የለም። «ምስኪን፣ ሆዱ ውስጥ ምንም አልቀረለት» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ጤና ጣቢያ ወስጄ ላስመዝነው ብዬ ነበር።

«አርባሽ ሳይሞላ?» አሉ እማ ሰብሪያ። «ደግሞስ ልጅ ይመዘናል? ይህን ያህል ሆነ ተብሎ በሰው አፍ ሊገባ? አላህ ይጠብቀን!»

እውነቱን ልናገርና፣ ሲደጋገምብኝ እኔም መፍራት ጀመርኩ። ክንዴ ላይ ከበደኝ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ደክሞኝ ይሆናል እላለሁ። ሲወለድ ሦስት ኪሎ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ይጨምር ይቀንስ አላውቅም። የገዛ ልጄን አለማወቄ ነው ከሁሉም ያንገበገበኝ።

የእንጥሉን ነገር ያመጣችው ጎረቤታችን አሚና ናት። አንድ ከሰዓት መጥታ ጣሀን ታቀፈች፣ እሱም የዒድ ቀሚሷ ላይ ለቀቀባት። ጨርቅ ሳቀብላት አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ዐይኗን አጥብባ አፉን ታይ ጀመር።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» አለች። «እሱ ነው ወተቱን የሚመልስበት። ይቆረጥለት።»

እማ ሰብሪያ ይህን ሲሰሙ ቀለማቸው ተለወጠ፤ ተነሥተው ወጡ። ዐሱር ሰግደው ሲመለሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ስለ ዐቂል ነግሬሽ አላውቅም» አሉኝ።

ዐቂል የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር፣ የሙባረክ ታላቅ። በሕፃንነቱ መሞቱን ከሙባረክ ሰምቻለሁ እንጂ በዚህ ቤት ስሙ አይነሣም።

«እንደ ጣሀ ነበር የሚያቀረሸው» አሉ። «እናቴ አስቆርጪው ብትለኝ ልጄን አላስነካም ብዬ ሳንገራግር ቆየሁ። ኋላ ወስጄ አስቆረጥኩት፤ ግን ዘግይቼ ነበር። በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን እንዳተኮሰው ሞተ። ቶሎ ባስቆርጠው ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሰው ነበር። ሙባረክን ጊዜ አልሰጠሁትም፣ ሳያቀረሽ አስቆረጥኩት፣ ይኸው አለ። በዐቂል ያጠፋሁትን በጣሀ አልደግመውም።»

ምን ይባላል? እሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ እኔ በምን አፌ ልከራከር? ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ በማግስቱ ሰው ተላከ። ከኩታበር የሚመጣ አንድ እንጥል ቆራጭ አለ፤ ሰኞ ሰኞ ለገበያ ደሴ ይወርዳል፤ የፊታችን ሰኞ እማ ሰብሪያ ራሳቸው ቤት ድረስ ያመጡታል ተባለ።

ለሙባረክ ደወልኩለት። ከኋላው ማሽን ይጮኻል።

«ልጅህን በፈረስ ጭራ ጠልፈው ጉሮሮውን ሊቆርጡት ነው!»

«አብሽሪ ሩሚሳ፣ አታካብጂው። እኔም ተቆርጫለሁ እኮ፤ ምን ሆንኩ?»

«ዐቂልስ?»

ማሽኑ ብቻ ጮኸ።

«እማ ታውቃለች» አለ በመጨረሻ። «እንዳታስቀይሚያት። ፈረቃዬ ሲቀየር መጥቼ እንነጋገራለን።»

«መቼ ነው የሚቀየረው?»

«ረቡዕ።»

ሰኞ ለሚቆረጥ ልጅ ረቡዕ እንነጋገራለን! ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ነበር፤ በራሴ ደመወዝ የገዛሁት መሆኑ አዳነው።

እሑድ ጨርቅ ሳሰጣ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። እማ ሰብሪያ ጤና ጣቢያ አያምኑም፤ ነርሷንም «የትናንት ልጅ» ነው የሚሏት። የሚያምኑት አንድ ነገር አለ። የሙባረክ አባት ሐጂ ዓብደላ ሰኞ ገበያ ውስጥ የበርበሬና የቅመም ሱቅ አላቸው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛናቸውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። እማ ሰብሪያ ከሰው ጋር ሲከራከሩ «የሐጂ ሚዛን ምስክሬ ነው!» ብለው ነው አፍ የሚያስይዙት። እንግዲያው ይመስክር አልኩ።

ሰኞ ጠዋት እማ ሰብሪያ ሰውዬውን ሊያመጡ ሲወጡ አሚናን እንድትጠብቀኝ አስቀመጧት። ጣሀ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርሻቱን ለእናቱ ጥቅም አዋለው፤ ደረቷ ላይ ከነሙቀቱ ለቀቀባት። አሚና «ለውጬ መጣሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ልጄን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ወገቤ አልጠናም፣ አርባዬ አልሞላም። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ። ባለባጃጁ በመስተዋቱ አይቶኝ «አራስ ነሽ እንዴ?» ሲለኝ «ንዳ!» አልኩት። ገበያው መግቢያ ላይ ሰዉና ሸቀጡ መንገዱን ስለዘጋው ወርጄ በእግሬ ተጋፋሁ። መንገዱን ሙሉ ለእማ ሰብሪያ የምላቸውን ሳዘጋጅ ነበር። አጥቢው የተባልኩትን፣ ከእጄ የተነጠቀውን ልጅ፣ የተገላመጥኩትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

ሐጂ ዓብደላ ለአንዲት ሴት በርበሬ እየመዘኑ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ሩሚሳ! ምን ሆናችሁ? ልጁ ደኅና ነው?»

«ይህን ልጅ ይመዝኑልኝ።»

«አስተግፊሩላህ! ልጅ እንደ በርበሬ ይመዘናል?»

«ይመዘናል ሐጂ። ዛሬ እንጥሉን ሊያስቆርጡት ነው። እየከሳ ከሆነ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ካልከሳ ግን ማንም አይነካብኝም። እርስዎ ይፍረዱኝ።»

ሐጂ ገዢዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በርበሬውን ገለበጡና ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ወለወሉት፤ ኮታቸውን አውልቀው አነጠፉበት። የኮቱን ክብደት ለማካካስ በሌላው ሳህን ላይ አንድ ከረጢት አብሽ አስቀመጡ። እኔ ጋቢውን ፈታሁ፣ ብርድ ልብሱን ፈታሁ፣ ልብሱን አወለቅሁ። ጭኑ እጥፍ እጥፍ ብሏል፣ የእጁ አንጓ ክር የታሠረበት ይመስላል።

«ማሻአላህ!» አለች በርበሬ ገዢዋ፣ አምልጧት።

ሐጂ የብረት ኪሎዎቹን መጫን ጀመሩ። ሦስቱን ጫኑ፤ የጣሀ ሳህን ንቅንቅ አላለም። አራተኛውን ጨመሩ፤ አሁንም ልጁ ይከብዳል። ሩቧን ሲጨምሩ ሚዛኑ ተወዛወዘና እኩል ሆኖ ቆመ።

«አራት ኪሎ ከሩብ» አሉ በቀስታ።

ሱቁ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ግን ተናድጄም ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በጋቢ የተሸፈነው ይህ ነበር። በፍርሃት ያስጨረሱኝን የአራስነት ጊዜ ማን ይመልስልኛል?

«ያ አላህ! ልጄን ምን አደረጋችሁት?» የሚል ድምፅ ከበር መጣ። ሰውዬውን ከገበያው ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ በሱቁ በር የሚያልፉት እማ ሰብሪያ ናቸው። ከኋላቸው ቀጭን ሽማግሌ ትንሽ ከረጢት ይዞ ቆሟል፤ የኩታበሩ ሰውዬ።

«ነይ እዪ ሰብሪያ» አሉ ሐጂ።

ቀረቡ። ኪሎዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ፤ ሚዛኑንም ከጎን አጎንብሰው አዩ። ጣሀ ልክ ያኔ አቀረሸ። በአገጩ ወርዶ የሐጂ ኮት ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እግሩን እያወራጨ ጣሪያውን ማየቱን ቀጠለ።

«ይኸው፣ እንጥሉ ነው» አለ ሰውዬው ከበር ሆኖ። «ወፍራም መሆኑ አያታልላችሁ። ስንቱን ወፍራም ልጅ ቆርጫለሁ።»

ያዘጋጀሁትን ልጀምር አፌን ከፈትኩ፤ የእማ ሰብሪያን ፊት ሳይ ግን አቃተኝ። እጃቸው የጣሀ ጭን ላይ ነበር፣ እጥፉን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። የሚያዩት ባላቸውን ነበር።

«ዐቂልም ወፍራም ነበር» አሉ።

ሐጂ ኪሎዎቹን ማንሣት ጀመሩ።

«ወፍራም ነበር እኮ ዓብደላ። ላስቆርጠው ስወስደው ክንዴን እስኪያመኝ ነው የተሸከምኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። ኪሎዎቹን እያነሡ ወደ ቦታቸው ይመልሱ ነበር፤ ፊታቸውን አላዞሩም። ከዚያ ሰውዬውን «ሂድ ወንድሜ፣ እዚህ ሥራ የለህም» አሉት።

በባጃጅ ስሰበስበው የመጣሁት ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። አሸንፌ ነበር፤ ማሸነፌን ግን ለማን እንደምናገረው ጠፋኝ።

እማ ሰብሪያ የደረቡትን ነጠላ አውርደው ጣሀን ጠቀለሉት። አነሡትና ትከሻቸው ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ እኔ ሳደርገው የሚጮኹብኝን። አንገቱን በአንድ እጃቸው ደግፈው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ጣሀ በደንብ አገሳ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እሳቸው ግን አላቆሙም። ገበያውን ስንወጣም፣ ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ቤት ስንመለስም፣ የተኛውን ልጅ ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ነበር።