ማን ቀበረው?

«በማግስቱ ጠዋት» አሉ መምህር ሳህሉ፣ «የሰፈሩ ሰው አካፋ አካፋውን ይዞ ወጣ። በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። እየጠረጉ፣ እየጠረጉ፣ የሀብታሙ ሰውዬ በር ላይ ሲደርሱ…»

የክፍሉ መስኮት ተንኳኳ። ማቴዎስ ነው፤ የሰፈሩ ዕድር ጡሩምባ ነፊ። መምህር ሳህሉ የዕድሩ ጸሐፊና የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ስለሆኑ፣ ማቴዎስ በትምህርት ሰዓት ከመጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ።

«ማን ነው?»

«የወልደጻድቅ እናት ናቸው፣ መምህር። እማማ ወሰንየለሽ። ንጋት ላይ ነው ያረፉት።» ማቴዎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልንፋ ወይስ ልተው?»

መምህር ሳህሉ አሮጊቷን ይወዷቸው ነበር። ልጃቸውን ግን አይወዱትም፤ ይህን ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ለጊዜው ተው። ወልደጻድቅ የዕድሩ አባል አይደለም። ስድስት ሰዓት ላይ ከሊቀ መንበሩ ከአቶ ባየ ጋር እንነጋገርበታለን።»

ወደ ተማሪዎቹ ሲመለሱ ታሪኩ ከአፋቸው ጠፋ። «ቀሪው ነገ» አሉ። ክፍሉ አጉረመረመ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ግማሹ ተማሪ ቀርቷል፤ የመጡትም የመጡት የሚስተር ሃርላንን መጨረሻ ለመስማት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያ መጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ የለም። መጽሐፉ በእርዳታ በካርቶን የመጣ የአሜሪካ ልቦለድ ነው፤ ሽፋኑም የመጨረሻ ገጾቹም የሉም። ምስጥ ይብላቸው አይጥ አይታወቅም። ሚስተር ሃርላን እንጨት ነጋዴ ነው፤ ሠላሳ ክፍል ያለው ቤት ይሠራል፤ ቤቱ በሰፋ ቁጥር የሚገባበት ሰው ይቀንሳል። በመጨረሻ ታሞ ብቻውን ተኝቶ፣ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ መስኮቱን ሲመታው ይሰማል። እዚያ ላይ ገጹ ይቆረጣል።

በ1986 ዓ.ም. መምህር ሳህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ቦታ ሲደርሱ፣ አንዲት የሸኮ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «ቲቸር፣ ማን ቀበረው?» ብላ ጠየቀች። «ገጹ ተቀዷል» ቢሉ ነገሩ ባበቃ ነበር። እሳቸው ግን «ጎረቤቱ ነዋ!» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ሰው ሞቶ ጎረቤት ካልቀበረው ማን ሊቀብረው ነው? ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ጨመሩበት። አንድ ዓመት ድንኳን ተከሉ። ሌላ ዓመት አልቃሽ አመጡ። በሃያ ሁለተኛው ዓመት አሜሪካኖቹ ንፍሮ መቃም ጀምረዋል።

መምህራን ማረፊያ ሲገቡ ልዩ ቁጭ ብላ ስትጠብቃቸው አገኟት። የ1995 ተማሪያቸው ናት፤ አሁን ቴፒ ካምፓስ ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች። በጠዋቱ ሚኒባስ ስለመጣች ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጉንጫቸውን ስማ ሳትጨርስ ከቦርሳዋ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አወጣች።

«ቲቸር፣ ዋሽተውናል።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«በሚስተር ሃርላን። ለማስተርስ ስፈተን ስለ አሜሪካ ልቦለድ ተጠየቅኩ፤ ስለ ሀብት ፍቅር፣ ስለ ብቸኝነት። እኔም የእርስዎን ሃርላን ጠቀስኩ። ‹ጎረቤቶቹ ድንኳን ተክለው ቀበሩት› ስል ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። ለካ መጽሐፉን አንብቦታል!»

«ንፍሮውንም ነገርሽው?»

«ንፍሮው በእኔ ጊዜ አልነበረም!»

ሁለቱም ሳቁ። ልዩ እንባዋን እየጠረገች «ሙሉውን ባለፈው ወር አዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ተራ አገኘሁት» አለች። «የቀሩትን ገጾች ይኸው አመጣሁልዎ።»

«እና ማን ቀበረው?» አሉ መምህር ሳህሉ። ድምፃቸው የዚያች የሸኮ ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ማንም። በአሥራ አንደኛው ቀን ፖስታ አመላላሹ ሞቶ አገኘው። ለቀብሩ አንድም ሰው አልመጣም። ለዕቃው ጨረታ ግን መንገዱ በሰው ሞላ፤ አልጋውን፣ መጋረጃውን ተሻሙበት። በዚያው ያበቃል።»

«ምን ዓይነት አገር ነው?»

«ደራሲው አገሩን መስደቡ አይመስለኝም፣ ቲቸር። አንባቢውን ‹አንተስ?› ማለቱ ነው።»

መምህር ሳህሉ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ደስ አላላቸውም።

ወልደጻድቅም የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ አጎቱ ቤት ያደገ፣ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ቡና ንግድ የጀመረ ልጅ። ቡናው ኮረሪማውን፣ ኮረሪማው የጭነት መኪናውን አመጣለት። ፎቅ ቤት ሠራ፤ አጥሩን ከፍ አድርጎ የጠርሙስ ስባሪ ደረደረበት። ቀብር ላይ አይታይም፤ የቀረበትን ቅጣት ሹፌሩ ይዞ ይመጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት የመምህር ሳህሉ ባለቤት አጸደ ስትሞትም የመጣው ሹፌሩ ነው፣ ፖስታ ይዞ። መምህር ሳህሉ ፖስታውን ሳይከፍቱ መለሱት። በዓመቱ ዕድሩ ወልደጻድቅን ሲሰርዘው፣ ደብዳቤውን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ደስ እያላቸው ነው የጻፉት፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም።

እናቱን ከጎጃም ያመጣቸው የዛሬ አራት ዓመት ነበር። አሮጊቷ ያ ሁሉ ክፍል አልሞቅ ብሏቸው፣ ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ከብረቱ በር ውጭ ይቀመጡና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። መምህር ሳህሉን «ዛሬ ምን ታስተምራለህ፣ ልጄ?» ይሏቸዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው «ልጄ» መባል ደስ ስለሚላቸው ሁልጊዜ ይቆማሉ። አንድ ቀን የሃርላንን ታሪክ አጫወቷቸው። አሮጊቷም የጠየቁት ያንኑ ነው፤ «ማን ቀበረው?» «ጎረቤቱ» ሲሏቸው «እሰይ፣ እሰይ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ መምህር ሳህሉ ልዩን አስከትለው በካፊያ ውስጥ ከአቶ ባየና ከማቴዎስ ጋር የዕድሩ መጋዘን በር ላይ ተገናኙ። ሊቀ መንበሩ አቶ ባየ ከቡና ልማት ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ ደንብ ደንብ ነው። የጻፍከው ደብዳቤ እዚህ አለ።»

«አሮጊቷ ምን አደረጉ?»

«ምንም። እኔም አዝንላቸዋለሁ። ግን ለአጸደ እንኳ ያልመጣ ሰው ቤት ሂዱ ብዬ ማንን ላዝዝ? አንተስ ትሄዳለህ?»

መምህር ሳህሉ የመጋዘኑን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«አምና እርስዎ ቤት የሞተውን የቡና ለቃሚ ልጅ ቀብረናል እኮ» አላቸው ማቴዎስ አቶ ባየን። «እሱም አባል አልነበረም።»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ አቶ ባየ። «ከከምባታ ለለቀማ መጥቶ ዘመድ የለውም፤ ለቅሶው እኔ ቤት ተቀመጠ። አባል ቤት ለተለቀሰለት ዕድሩ ይቀብራል። መምህር ራሱ ነው ደንቡ ላይ ያስገባው።»

መምህር ሳህሉ ከልዩ ጋር ወደ ቤታቸው አቀኑ። መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆመው የመጨረሻውን ገጽ አነበቡ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። ሲጨርሱ እግራቸው ወደ ቤታቸው አልሄደም፤ ወደ ፎቁ ቤት ሄደ። ልዩ ምንም ሳትጠይቅ ተከተለቻቸው።

የብረቱ በር ክፍት ነው። በርጩማዋ እንደ ወትሮው ከበሩ ውጭ ተቀምጣለች፣ ካፊያ እየመታት። መምህር ሳህሉ ያዩዋት ጊዜ እንባቸው መጣ።

ሳሎኑ ትልቅ ነው፤ ሶፋዎቹ ፕላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። ወልደጻድቅ ሁለት ስልክ ይዞ ምንጣፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«መምህር… ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ካህናቱን አነጋግሬያለሁ፤ ሳጥኑም ተገዝቷል። ከሸዋ ቤንች ወረዳ የቀን ሠራተኞች ላስመጣ ነው። ለመሸከም ስንት ሰው ይበቃል?»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ይህን አያውቅም።

«ለአጸደ ለምን አልመጣህም?» አሉት። ይህን ሊሉ አልነበረም የመጡት።

ወልደጻድቅ አንገቱን ደፋ። «ደጃፍዎ ድረስ መጥቼ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ ድንኳኑን አየሁት። ስቀር ስለኖርኩ፣ ብገባ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። ፖስታ መላክ ቀለለኝ። ደግሞ ያ ያስተማሩን የእንጨት ነጋዴ… እሱ ማንን ቀብሮ ነበር? ማንንም። ሲሞት ግን ሁሉም መጣለት ብለውናል። ሰው እንዲያ ቢሆንም ይመጣል ብዬ…»

አልጨረሰውም። የመምህር ሳህሉ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካ። ልዩ ቀና ብላ አየቻቸው። እውነተኛውን መጨረሻ አሁን ሊነግሩት ይችሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ንፍሮ ሲጨምሩ፣ ይህ ልጅ ከዚያ ውስጥ ምን ይዞ እንደሄደ አንድም ቀን አላሰቡም።

«ይቅር አላልኩህም» አሉት። «እሱ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ሹፌሩ እዚሁ እናትህ ዘንድ ይቆይ፣ አንተ ተከተለኝ። በሩ ላይ ያለችውን በርጩማ ያዛት።»

«ወዴት ነው?»

«ና።»

አቶ ባየና ማቴዎስ ገና መጋዘኑ በር ላይ ነበሩ። ወልደጻድቅ በርጩማዋን ደረቱ ላይ ይዞ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። መምህር ሳህሉ ቁልፉን አውጥተው መጋዘኑን ከፈቱ።

«ድንኳኑ ይውጣ።»

«ለማን?» አሉ አቶ ባየ።

«እኔ ቤት ለቅሶ አለ። አስከሬኑን ወደዚያ እናመጣዋለን።»

አቶ ባየ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ወልደጻድቅን አዩ። «ያንተ ቤት ሁለት ክፍል ናት። የእሱ ሳሎን መቶ ሰው ይይዛል።»

«ይይዛል። የሚገባ ሰው ግን የለም ብለኸኛል።»

አቶ ባየ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡን አራገፉ። «ይህችን አንቀጽ ስታስገባ ተንኮልህን አላወቅንም ነበር» አሉና ወደ ውስጥ ገብተው አግዳሚ ወንበሮቹን ይቆጥሩ ጀመር።

ማቴዎስ ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ ቆም አለ። «ምን ብዬ ልጥራ፣ መምህር?»

«የወልደጻድቅ እናት ወይዘሮ ወሰንየለሽ አርፈዋል በል። ለቅሶው ሳህሉ ቤት ነው በል።»

ጡሩምባው ተነፋ። ታች መንገድ ላይ አንዲት ሴት ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያ የጀመረችውን መንገድ ትታ ተመለሰች። መምህር ሳህሉ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለልዩ ሰጧት።

«ነገ ከመሄድሽ በፊት ክፍል ገብተሽ ይህን አንብቢላቸው። እንደዋሸሁም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬስ ምን ልሥራ?»

«ስንዴው ከአልጋው ሥር ነው። ንፍሮ ጣጂ።»

ከዚያ የድንኳኑን ረጅም ምሰሶ በአንድ ጫፉ አነሡ። ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። መምህር ሳህሉ ዞረው ወልደጻድቅን አዩት።

«ያዝ እንጂ!» አሉት። «ብቻዬን ልሸከመው ነው?»