ገደ ቢሱ ሹፌር

የባሌን ስም በከተማችን ደፍሮ የሚጠራ የለም። ስሙ ኤልቪዮ ነው። እነሱ ግን "የኒዲያ ባል" ይሉታል፣ "ያ መካኒኩ" ይሉታል፤ ስሙ ካመለጣቸው ደግሞ ወንዶቹ ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ሱሪያቸው ይሰዳሉ። ክፉ ዕድል የሚመለሰው እንደዚያ ነው አሉ። አንድ የባንክ ሠራተኛ እኔ ፊት አድርጎት ያውቃል፤ ሁለተኛ አላደረገውም።

ጥፋቱ ይኸውላችሁ። አገራችን አርጀንቲና ከጀርመን የተጫወተችውን የጣሊያኑን ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ልናይ እኛ ቤት ሃያ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኤልቪዮ በረዶ ሊያመጣ ወደ ኩሽና ሄደ። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በረዶውን ይዞ ተመለሰ፤ የበሩን ደፍ ከመርገጡ ዳኛው ለጀርመኖች ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ዋንጫውም በዚያ አመለጠን። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ እግረ ደረቅ ሆነ። በሚቀጥለው ጨዋታ "ለአገርህ ስትል ውጭ ብትቆይስ?" አሉት፤ እሱም እሺ አለ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ እሺ ማለቱ ነው።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አርጀንቲና ስትጫወት እሱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኋላማ የክለብ ኳስም ተወ። ጋራዡ ውስጥ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበረው፤ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ቤት አደረገው። አልጋዎቹን የሠራው በፈረንሳዩ ዋንጫ ነው። ምድጃውን በጃፓኑ ጀምሮት ነበር፤ ያኔ ገና በምድባችን ስለወደቅን ምድጃው ዛሬም ያጋድላል።

ዘንድሮ ዋንጫው እዚሁ ጎረቤታችን ብራዚል ነው። ሦስተኛው ጨዋታችን ፖርቶ አሌግሬ፣ ከድንበሩ ማዶ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። የሆቴል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሰው ሁሉ የባሌን አውቶቡስ አስታወሰ።

እሑድ ዕለት የልጅነት ጓደኞቹ ባለ ሥጋ ቤቱ ኦስማርና ፋርማሲስቱ ዳንቴ መጥተው ካርታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። እኔ ማቴውን፣ የአገራችንን ሻይ፣ እየሞላሁ በየተራ አቀብላቸዋለሁ።

"ጨዋታው ባለበት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ብንነሳ ይደርሳል" አለ ኦስማር።

"አውቶቡሷ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው" አለ ኤልቪዮ። "እሑድ እንነሳ። ድንበሩ ላይ ሰልፍ አለ።"

"ሥጋውን ለኔ ተዉት።"

"ጥሬ ሥጋ ድንበር ላይ ይወስዱብሃል" አለው ዳንቴ። "ሦስት ቀን ከሌላ ሥጋ ቤት ብትበላ አትሞትም።"

"እሱን እናያለን።"

ኤልቪዮ ደብተሩን አወጣ። ጋዙን፣ የውሃውን በርሜል፣ መለዋወጫ ቺንጋውን ሁሉ ጽፎ ጨርሷል። እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ካየሁት ስንት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ዳንቴ ዓይኑን ከካርታው ሳይነቅል "ቲኬት ሦስት ይበቃናል" አለ። "ኦስማር፣ እኔ፣ ኒዲያ።"

ለኔ የመደቡልኝ አፌን ሊያዘጉኝ ነው።

"ያው መኪናውን ሰው መጠበቅ አለበት" አለ ኦስማር።

"እኔ እጠብቃለሁ" አለ ባሌ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል። "ማቀዝቀዣውም ክትትል ይፈልጋል።"

ማቴውን ከኦስማር አፍ ላይ ነጠቅኩት።

"የሜክሲኮውን ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የት ነበር ያያችሁት?" አልኩ።

"ክለቡ ውስጥ።"

"ከማን ጋር?"

ኦስማር ማጅራቱን አከከ። "ከሱ ጋር።"

"ዋንጫውን በላን ወይስ አልበላንም?"

"በላን።"

"ጋራዥ ከዘጋችሁበት ወዲህስ? አምስት ዓለም ዋንጫ አልፏል። ስንቱን በላን?"

ዳንቴ "ኢኳዶር ላይ ኮፓ አሜሪካን በልተናል እኮ" አለ።

"ያን ጊዜ ትርፍ አንጀቱን አስወጥቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር። ፍጻሜውን ከሀ እስከ ፐ አየው።"

ዳንቴ መነጽሩን አወለቀ። "ይሄን አልነገራችሁንም።"

"ማን ጠየቀን? አብሯችሁ ሲያይ ያሸነፋችሁበትን ሰው ከቤት አስወጥታችሁ ሃያ አራት ዓመት ስትሸነፉ፣ ገደ ቢሱ እሱ ነው ወይስ እናንተ?"

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ሁሉ አላምንም። ግን ከእነሱ ዓይነቱ ሰው ጋር የሚያዋጣው በገዛ እምነታቸው መሟገት ነው። ሁለቱም ፊታቸው አመድ መሰለ። በመጨረሻ ኦስማር "ረቡዕ ከሩማንያ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለ" አለ። "እንሞክረው።"

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እነሱ ሲሄዱ ግን ኤልቪዮ ዕቃ እያደራረቀልኝ "እኔ አላይም" አለ።

"ምን ሆነህ?"

"እስከ ዛሬ የሰው ወሬ ነው ኒዲያ። አይቼ ብንሸነፍ ግን እኔ ራሴም አምናለሁ። ያኔ ማንም ሳይከለክለኝ እኔው ራሴን እከለክላለሁ።"

አንጀቴን በላው። "ብቻ ረቡዕ ቤት ሁን" አልኩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጎ፣ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ቀብሮ ተቀመጠ። ጨዋታው ግን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ተጫዋቹ ይንጎማለላል። ኦስማር እረፍት ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ዳንቴ ጋዜጣ ገለጠ። ኤልቪዮ ብቻ ዓይኑ አልተከደነም። መሐል ላይ ጠጋ አለኝና፣ ዓለም በሙሉ የሚያውቀውን ያን አጭሩን ልጅ በአገጩ እያሳየኝ፣ "ግራኝ ነው እንዴ?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እንባዬ መጣብኝ፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ።

ፊሽካው ሲነፋ ኦስማር ነቃ። "ስንት ለስንት?"

"ባዶ ለባዶ" አለ ዳንቴ።

"ታዲያ ይሄ እንዴት ነው የሚቆጠረው?"

"አልተሸነፍንም።"

"አላሸነፍንማ።"

እንደ ሁለት ጠበቃ መከራከር ያዙ። ኋላ ፍርድ ፈልገው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እኔ የማየው ባሌን ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ማስታወቂያ ቢገባም እሱ አሁንም ያያል። ፊቱ ርሷል፤ አልጠረገውም።

"እንዴት ያለ ጨዋታ ነው" አለ። "አንተ ደግሞ ተኛህበት ኦስማር። ምን እንዳመለጠህ አታውቅም።"

ኦስማር በመዳፉ ዓይኑን አሻሸ።

"በሚቀጥለው ሳምንት ቲኬቱ ሲለቀቅ ማመልከቻውን አራት አድርጋችሁ ሙሉት" አለ ኤልቪዮ። "አንዱ በኔ ስም ይሁን። ብንሸነፍም እዚያ ከናንተ ጋር ቁጭ ብዬ ልሸነፍ።"

ዳንቴ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።