መተንፈሻ የተቀደደለት ሸራ

ወንድሜ ኢርፋን ጀልባ ጀመረ። ሰው በሠላሳ አራት ዓመቱ ትዳር ይጀምራል፣ ቢያንስ ጂም ይጀምራል፤ የኔው ጉድ ጀልባ ጀመረ። ሞተር ያለው ቢሆን እንኳ እሺ። በንፋስ ብቻ የምትሄድ፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ለሦስተኛው መቆሚያ የሌላት የእንጨት ጀልባ ናት።

ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ካልሆነ እንዲያው የምነጫነጭ ይመስላችኋል። ስሜ በድሪያ ነው። መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ ያለው ሸራ ቤት የአባቴ ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ሸራ፣ የሱቅ በር ጥላ እንሰፋለን። አባባ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን እኔ ያዝኩት። "ኢርፋን እስኪመጣ ነው" አሉኝ። ኢርፋን ያኔ ማሊንዲ ወደምትባል የኬንያ የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ አጎታችን ጨርቅ ቤት ሊሠራ ለሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሞላው። የባለቤቴ የፈርሀት ሥራ ደግሞ ድሬዳዋ ነው። የምንገናኘው በዓመት ሁለቴ፣ ለዒድ ለዒድ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ባለትዳር ነኝ እላለሁ፤ ለራሴ ግን የዋሸሁ ይመስለኛል። ኢርፋን በመጣ ማግስት ቁልፉን አስረክቤው ወደ ባለቤቴ እሄዳለሁ፤ ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

እሱ ግን እየደወለ ስለ ጀልባ ያወራኛል።

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤቱ እሑድ ዕለት ይዞት ወጣ። "ድምፅ የለውም እኮ እታለም፣ ውኃው ሲሰነጠቅ ብቻ ነው የሚሰማሽ" ይለኛል። እኔ በዚያች ሰዓት አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያስጮኻል፣ ወዛደሩ "ዞር በሉ" እያለ በጭንቅላቴ ላይ ጥቅል ያሳልፋል። ምን አልክ? ድምፅ የለውም! ምኑ? ጀልባው! ደሜ ፈላ።

በሦስት ወሩ ራሱ መንዳት ጀመረ። ሁለቴ ተገልብጦ ጨው ውኃ ጠጣ። በሕይወቱ ከክረምት ጎርፍ በቀር ውኃ የማያውቅ የመርካቶ ልጅ! ንፋሱ ከፊት ለፊት ሲመጣ ዝም ብሎ አይኬድም፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ እየተባለ ነው የሚደረሰው ብሎ ሲያስረዳኝ፣ እኔም የሰባተኛን መንገድ በየቀኑ የማቋርጠው እንደዚያው ነው አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ድሮ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ እሱም አናደደኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሠርኬ ወንድምሽ የት ነው ቢሉኝ ባሕር ዳር ጀልባ ይነዳል አልኳቸው። ከጣና ዓሣ እንዲልክላቸው አደራ ብለውኝ አረፉት። ማስተባበሉ ሰለቸኝና ተውኩት።

ታዲያ አንድ ቀን እኔን ትቶ ለአባባ ደወለ። ያገለገለች ጀልባ ገዝቷል፣ ሸራዋ ግን በስብሷል። አዲሱ ከአባባ እጅ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል፣ በሱ አንድ ወቅት ልንዳና ከዚያ እመጣለሁ አለ። ይህን ስሰማ የጀልባውን ነገር ሁሉ ይቅር አልኩት። ልኬቱን በስልክ ላከ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ከሥሩ "ንፋስ የሚችል ይሁን" ብሎ ጽፎበታል።

ወላሂ፣ ለማንም እንደዚያ ሰፍቼ አላውቅም። ጠርዙን ሁለቴ አጠፍኩት፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ መታሁ። አባባ መጥተው በጣታቸው እየዳሰሱ ዞሩትና "መተንፈሻው የታለ?" አሉ።

በኛ ሥራ መተንፈሻ የሌለው ሸራ ውርደት ነው። የሱቅ ጥላ ሳይቀደድለት ከተሰቀለ የመጋቢት ንፋስ ከነቋሚው ነቅሎት ይሄዳል። ስለዚህ ንፋሱ ገብቶ እንዲወጣ እዚህም እዚያም በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይቀደድለታል። ንፋስ የሚችል ሸራ ማለት ለኛ ይኸው ነው። ያውም ባሕር ላይ! አባባ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፣ እኔ ስምንት ቦታ ቀደድኩና አፉን አፉን ዘመዘምኩት። ናይሮቢ በሚመላለስ ነጋዴ ላክንለት።

በሁለት ሳምንቱ፣ እኔና አባባ ሱቅ ቁጭ ብለን ሳለን ደወለ። ሳቁ አላስወራ አለው። ሸራውን ሰቅሎ፣ የሰፈሩ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሊያይለት ወጥቶ፣ ጀልባዋ ንቅንቅ አልልም አለች አሉ። ንፋሱ በስምንቱ ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል። ለካ የጀልባ ሸራ ንፋሱን ይዞ ሆዱን ካልነፋ ጀልባው አይሄድም። ሽማግሌው ጎረቤቱ ይህን የሰፋው ሰው ጠላትህ ነው ወይ ብሎት በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅሁም። ጣቴ ላይ የመርፌው ቁስል ገና አልዳነም ነበር። በል ጨዋታው አለቀ፣ ጀልባዋን ሽጣትና ና አልኩት።

ሳቁን አቆመ። ከዚያ "እታለም፣ አልመጣም" አለ። "እዚሁ ልኖር ነው። ይቺን ነገር ካገኘሁ ወዲህ ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኛል። ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።"

አራት ዓመቴ! ስልኩን ለአባባ አቀበልኳቸው፤ እሳቸው ልክ ያስገቡታል ብዬ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ የሌለው ሌላ አሰፋልሃለሁ አሉት። ከዚያ ልጁ የሚለውን ረጋ ብለው ሰሙና፣ ኑር፣ ብቻ ለዒድ ሳትመጣ አትቅር ብለው ዘጉት።

በቃ? ይኸው ነው? በሕይወቴ በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ለሱ ሲሆን እንዲህ በቀላሉ ነው ወይ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ ብዬ ሱቁን አናጋሁት። ወዛደሮቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩን።

አባባ አልተቆጡም። "እሱ ልኑር አለኝ፣ ኑር አልኩት። አንቺ ምን አልሽኝ?" አሉ።

ለፈርሀት በስልክ አልቅሻለሁ። ለኢርፋን ጮኬያለሁ። ለእትዬ ሠርኬ እንኳ ስንቴ አማርሬያለሁ። ለአባባ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ያውቁታል ብዬ ነበር።

"አባባ፣ ድሬዳዋ ልሂድ" አልኩ።

"ሂጂ። ሱቁን አከራየዋለሁ" አሉ። ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱና፣ ሳያዩኝ፣ "እኔ ኢርፋን እስኪመጣ ያልኩሽ ለሁለት ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላም ስትቆዪ ከባልሽ ጋር ተጣልተሽ መሰለኝ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉ።